ቀለም እንደ ቅቤ አያድርም

ከወረታ ወጥቶ የፎገራን ሜዳ የሚሰነጥቀው መንገድ በክረምት ታንኳ፣ በበጋ ባጃጅ የሚያስመኝ መንገድ ነው። ይህ ታሪክ የሆነው በጥር ስለሆነ ታንኳውን ለጊዜው እንተወው። ጎርፉ ከተረሳ ሰንብቷል፤ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ገብቷል፤ ገለባው በየማሳው ዳር ተከምሯል፤ ከብቱም ያለ ከልካይ ቃርሚያውን ይለቅማል። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው። በዚህ ወር በዚያ መንገድ ላይ የሚቸኩል ሰው ካያችሁ ወይ ሙሽራ ነው፣ ወይ የሙሽራ ዘመድ፣ ወይ ደግሞ የሰርጉ ጠላ ያለ እሱ እንዳያልቅ የሰጋ ጎረቤት።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ የቸኮሉት የሙሽራ እናት ስለሆኑ ነበር። አንድ ልጃቸው በእውቀቱ በመጪው እሑድ ይዳራል። ረቡዕ ማለዳ ወረታ ሄደው ዘይቱንም፣ ቅመሙንም፣ ለዳሱ የሚሆነውንም ገመድ ሸምተው በባጃጅ ሲመለሱ፣ ገና ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ የኋላው ጎማ ተንፍሶ ቁጭ አለ። ሹፌሩ ጎማውን ፈታና፣ «መጣሁ፣ እናንተ ብቻ ዕቃውን ጠብቁ» ብሎ ወደ ከተማው ተመለሰ። ተሳፋሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ሲሆኑ ሁለተኛዋ የአጥቢያቸው ካህን የቄስ ኃይለ ሚካኤል ልጅ ማርያማዊት ናት። ማርያማዊት የመድኃኒት ሙያ ተምራ ወረታ ከአንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ስትሆን፣ ለሰርጉ ልታግዝ ፈቃድ ወስዳ ወደ አባቷ ቤት መሄዷ ነበር።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ከባጃጇ ሲወርዱ ከነጠላቸው እጥፋት ውስጥ አንዲት ትንሽ ካርቶን ዱብ አለች። ማርያማዊት ጎንበስ ብላ አነሣቻት። በካርቶኗ ላይ ጠጉሯ እንደ ከሰል የጠቆረ አንዲት ሴት ጥርሷን አውጥታ ትስቃለች።

«እትዬ፣ ይቺ ቆንጆ ከእርስዎ ወደቀች መሰለኝ።»

«አምጫት! የኔ አይደለችም፤ የሰርክ ናት» አሉ ወይዘሮ ጸሐይነሽ። ሰርክ የሚሏት የቅርብ ጎረቤታቸውን ነው። ምላሳቸው ይህን ይበል እንጂ እጃቸው ፈጥኖ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳበ። ከነጠላው ሥር ያመለጠችው ጠጉር ግን እንደ ጥጥ ነጭ ነበረች።

ማርያማዊት አየች፤ እንዳላየችም ሆነች። ሁለቱ ከመንገዱ ዳር ካለው የገለባ ክምር ጥላ ሥር ተቀመጡ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ግን ምስጢሩን መያዝ አልቻሉም።

«እንግዲህ የቄስ ልጅ ነሽ፤ እንደ ንስሐ ቁጠሪልኝ። ቀለሙ የኔ ነው።»

«ምን ነውር አለበት እትዬ?»

«ነውር የለበትም፤ ግን አገሩ ወሬኛ ነው። ስሚ ልጄ። ባሌ አለኸኝ የሞተ ጊዜ እንደ ወጋችን ጠጉሬን ተላጨሁ፤ ከል ለበስሁ። ተላጭቼ የጣልሁት ጠጉር ጥቁር ነበር፤ እናትሽን ጠይቂ። እሱ ራሱ በሠላሳ ዓመቱ ሸብቶ ሰው ሁሉ ያለ ዕድሜው ለሽምግልና ሲጠራው፣ እኔ ጠጉሬን እያሳየሁ ስስቅበት የኖርሁ ሴት ነኝ። ተመልሶ የበቀለው ግን ይኸው ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ከሌን አስወለቀኝ። ልብሱንስ አወለቅሁት፤ ይኸን በምን ላውልቀው? ከል ጥቁር ነው ይላሉ፤ የኔ ከል ነጭ ሆኖ በራሴ ላይ ቀረ። እሑድ በልጄ ዳስ ውስጥ ሐዘኔን ተሸክሜ ልቁም ወይ?»

ማርያማዊት «ሽበት እኮ ክብር ነው» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ወጣት ሁሉ ለሽማግሌ የሚያከፋፍላት የተዘጋጀች ቃል ናት። ነገሩን ስትሰማ ግን አፈረችና መልሳ ዋጠቻት።

«ልክ ነዎት። አጊጠው ለልጅዎ ሰርግ ቢቆሙ ማንም ሊከለክልዎ አይገባም» አለች። «እኔም ቀለም አይንኩ የምል ሰው አይደለሁም፤ መድኃኒት ቤት ስሠራ ለስንቱ ሸጫለሁ። ግን ልጠይቅዎ፤ ከዚህ በፊት ተቀብተው ያውቃሉ?»

«ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያውን ለእህቴ ልጅ ክርስትና ተቀባሁ፤ ትንሽ አሳከከኝ እንጂ ያማረ ነበር። ሁለተኛውን ባለፈው ፋሲካ። ያን ጊዜማ ምች መታኝ።»

«ምች?»

«ምች ነዋ! ቅዳሜ ማታ ተቀባሁ፤ እሑድ ጠዋት ስነሣ ፊቴ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ዓይኔ ተደፈነ። ሰው ሲፈስክ እኔ ከጓዳ ተኝቼ የሰው ድምፅ ስሰማ ዋልሁ። በእውቀቱ እጄን ይዞ እንደ ዕውር ይመራኝ ነበር። ዳማ ከሴ አሽተው ቀቡኝ። አልሻል ሲለኝ ደግሞ ወንዛዬ ወርጄ ፍል ውሃው ገባሁ። ያ ፍል ውሃ ለስንቱ መድኃኒት የሆነ፣ እኔን ሲነካኝ እሳት ላይ የተቀመጥሁ መሰለኝ።»

«ፍል ውሃው ምን ያድርግ እትዬ፣ የቆሰለ ቆዳ ይዘውበት ገብተው! ለመሆኑ ቀለሙን ምን ያህል አቆዩት?»

«ምን ያህል ትይኛለሽ፤ አደረ እንጂ።»

«አደረ!»

«ምን ያስደነግጥሻል? ቅቤ ተቀብተሽ በሻሽ ጠቅልለሽ ታድሪ የለም ወይ? እንሶስላስ ስንሞቅ እጅ እግራችንን ጠቅልለን አይደል የምናድረው? ያደረ ነው የሚይዝ። ሰርክ ናት ሲያልበኝ እንዳይፈስ ብላ በፌስታል ሸፍና፣ በላዩ ሻሽ ጠበቅ አድርጋ ያሰረችልኝ። እሷ የራሷን ቶሎ ታጠበችው፤ እኔ የሙሽራ ያህል ጓጉቼ የኔ ይበልጥ እንዲጠቁር ብዬ ነው ያሳደርሁት።»

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይስቅባቸው አደራ። ምንም የማያውቅ ሰው ፈርቶ ይጠይቃል። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ግን ስለ ቅቤና ስለ እንሶስላ አጥብቀው ያውቃሉ፤ ያንኑ ዕውቀታቸውን ለማያውቁት ነገር አዋሱት። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሠሩት ባለሙያ ሴቶች ናቸው፤ ለዚህም ነው ለማረም የሚያስቸግረው።

«ቀለም እንደ ቅቤ አያድርም» አለች ማርያማዊት። «ቅቤ የሚበላ ነገር ነው፤ ራስዎ ላይ ቢያድር ያለሰልስዎታል። ይህ ግን ኬሚካል ነው። ሥራውን በደቂቃዎች ይጨርሳል፤ ልኩም እዚህ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከልኩ ሲያልፍ ጠጉሩን አያጠቁረውም፤ ቆዳውን ነው የሚለበልበው። ደግሞም እትዬ፣ ምች አልመታዎትም።»

«ምነው ልጄ! ፊቴን አላየሽው፤ እንዴት አውቀሽ?»

«የት የት ነበር ያበጡት?»

«ግንባሬ፣ ከጆሮዬ ኋላ፣ ማጅራቴ። ዓይኔን ነግሬሻለሁ። ጣቶቼ እንኳ ሳይቀሩ ውሃ ቋጥረው ነበር።»

«የሁለቱም እጅዎ ጣቶች?»

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አዩ። «የቀኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ቀለሙን በየትኛው እጅዎ በጥብጠው ቀቡት?»

አንዲት ላም ከክምሩ ማዶ ገለባ መዝዛ ታመነዥካለች። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ላሚቱን ያዩ ይመስሉ ነበር እንጂ አላዩዋትም።

«ምችስ ቀኝ ከግራ ይለያል ወይ እትዬ?» አለች ማርያማዊት በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሰው ሲረታ መጀመሪያ የሚያደርገው መናደድ ነው። «ቆይ!» አሉ ወይዘሮ ጸሐይነሽ። «ሰርክም ከዚያው ከበጠበጥሁት ነው የተቀባች። እሷን ምነው ዝንብ እንኳ ሳያርፍባት ቀረ?»

«ንብ ነድፋው እየሳቀ የሚሄድ ሰው አለ አይደል? ንብ ነድፋው ፊቱ የሚጠፋም አለ። ንቧ ያችው ናት፤ የሚለየው የሰውዬው ገላ ነው። የእርስዎ ገላ ይህን ቀለም ጠላው። በመጀመሪያው ጊዜ አሳከከዎ፤ ማስጠንቀቁ ነበር። በሁለተኛው ዓይንዎን ደፈነው። ገላ አንዴ የጠላውን አይረሳም፤ በሦስተኛው ጉሮሮ አብጦ ትንፋሽ ሊያሳጣ ይችላል። የማስፈራራዎ መስሎዎት አይቀየሙኝ።»

«ታዲያ ሰው ይኸን አስቀድሞ በምን ይወቅ? ግንባሬ ላይ አልተጻፈ!»

«ጋሽ አለኸኝ አዲስ የሩዝ ዘር ሲመጣ ምን ያደርጉ ነበር?»

የባላቸው ስም ሲነሣ የወይዘሮ ጸሐይነሽ ፊት ረገብ አለ። «እሱማ! መላው አገር ማሳውን ሙሉ ሲዘራ እሱ ከጓሮ አንዲት መደብ ላይ ጣል አድርጎ ይጠብቃል። ሰው ይስቅበታል። በኋላ የሰው ዘር በሽታ ሲመታው የሱ ጎተራ ሙሉ ነው።»

«ቀለምም አዲስ ዘር ነው። ራስዎ ደግሞ መላው ማሳዎ ነው። መደቡ ይቺ ናት» ብላ ማርያማዊት የራሷን ክንድ ዘርግታ ከክርኗ እጥፋት ውስጥ በኩል ያለውን ለስላሳ ቆዳ አሳየቻቸው። «ቀለም የሚቀባ ሰው ሁልጊዜ፣ ከዚያ በፊት ተስማምቶት የሚያውቅ እንኳ ቢሆን፣ በወረቀቱ እንደታዘዘው ጥቂት ነካ አድርጎ ሁለት ቀን ይጠብቃል። ካሳከከ፣ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ያን ቀለም ይጥላል። ደህና ከሆነ ይቀባል። ሰርክም ለሰርጉ መቀባት ካማራት ዛሬ ማታ ትሞክር፤ ቅዳሜ ይደርስላታል።»

«ከዚያስ? በጓንት ነው ትይኛለሽ አሁን።»

«በጓንት ነዋ! ካርቶኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ሊጣል አይደለም። ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አይታ፣ መስኮት ከፍታ፣ በብረት ሳህን ሳይሆን በላስቲክ ዕቃ ትበጥብጥ። ሁለት ዓይነት ቀለም አትቀላቅል። ራሷ ላይ ቁስል ካለ ትተወው። ግንባሯንና ከጆሮዋ ኋላ ቫዝሊን ትቀባ፤ ቀለሙ ቆዳ አይዝባትም። ቅንድቧን እንዳትነካ፤ ዓይን አጠገብ ያለ ነገር ነው። ሰዓቱን በስልኳ ትያዝ፤ ሲደርስ ለብ ባለ ውሃ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ትታጠብ። ከመሃል ካቃጠላት ሰዓት አትጠብቅ፤ ወዲያው ታጥባ ጤና ጣቢያ ትሂድ። የተረፈውንም ለነገ ብላ አታስቀምጥ፣ ትድፋው።»

«ስንቱን ሥርዓት ደረደርሽው! ቅዳሴም እንዲህ አይበዛበት።»

«አባቴ እንዳይሰሙዎ» አለች ማርያማዊት እየሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ሰበሰበች። «ይህ ሁሉ ለሰርክ ነው። ለእርስዎ ሙከራውም አያስፈልግዎም፤ ፋሲካ ሞክሮልዎታል። መተው ነው። ሂና ብቻውን ያለ ምንም ቅልቅል ቢገኝ አንድ ነገር ነው፤ ጥቁር ሂና እያሉ የሚሸጡትን ግን እንዳይነኩ፤ ብዙውን ጊዜ ያው ቀለም ነው የሚጨምሩበት።»

«ንጹሑ ሂና ነጭ ጠጉር ላይ ምን ይሆናል?»

«ቀላ ይላል።»

«በልጄ ሰርግ እንደ ዳማ ላም ቀይ ሆኜ ልምጣ? ይቅርብኝ!» አሉና ሁለቱም ሳቁ። ባጃጁም ጎማውን አግኝቶ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ካርቶኗ ግን ተመልሳ ወደ ነጠላቸው እጥፋት ገብታ ነበር፤ ማርያማዊት አላየችም።

ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ስለ ቀኝ እጃቸው የተጠየቁት ጥያቄ በልባቸው ገብቷል። ግን ልብ ሁለት ናት፤ አንዷ «እውነቷን ነው» ስትል ሌላዋ «ያበጠው ስላደረ ነው፤ ቶሎ ብታጠቢው ምን ይሆናል?» ትላለች። ሰው ከምክር ውስጥ የሚወደውን መርጦ ይሰማልና «ሙከራውም አያስፈልግዎም» የሚለው ጆሯቸውን ዘሎ፣ መደቧ ብቻ ትዝ አለቻቸው። ማታ ሰርክን ጠርተው ነገሩን ነገሯት። ሰርክ ጓንቱን አድርጋ ጥቂት በጠበጠችና በራሷ ክንድ ላይ ነካ አደረገች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ከተረፈው ላይ ጥቂት ወስደው ከግራ ክንዳቸው እጥፋት ላይ አደረጉ። አንዴ ያበጠበት ሰው እንዲህ ማድረግ እንደሌለበት እኛ አሁን ብንናገር፣ ያን ማታ እዚያ አልነበርንም።

ሐሙስ አሳከካቸው። ቁንጫ ነው አሉ። ዓርብ ጠዋት ዳስ የሚጥሉት ጎረምሶች ግንድ ሲተክሉ፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ሲልጡ፣ ወይዘሮ ጸሐይነሽ እጅጌያቸውን እስከ መዳፋቸው ስበው በጓሮ በኩል ወጡና ቄስ ኃይለ ሚካኤል ቤት ደረሱ። ማርያማዊት ብቻዋን ነበረች። ገና ሳይቀመጡ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ቀልቶ፣ አብጦ፣ ቀለሙ ባረፈበት ቦታ ልክ ውሃ ቋጥሯል።

«እትዬ!» አለች ማርያማዊት ደንግጣ። «አይሞክሩ አላልኩም?»

«ብለሽኛል። ነውሬን አምኜ ነው የመጣሁ።»

«ትንፋሽዎ ደህና ነው? ፊትዎን፣ ከንፈርዎን አላበጠዎም?»

«ደህና ነኝ፤ ክንዴ ብቻ ነው። እስቲ ቁጭ ልበል።» ተቀመጡና ክንዳቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው አዩት። «ይኸ እንግዲህ ጠብታ ነው» አሉ። «ቅዳሜ ራሴን ሙሉ ልቀባው ነበር። እሑድ ልጄ ሙሽራይቱን ይዞ ሲገባ፣ እኔ ከጓዳ ተኝቼ እልልታውን ልሰማ ነበር። እንደ ፋሲካው። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ የአንድ ልጄን ሰርግ ሳላየው!» እንባቸው መጣ። ማርያማዊት አቅፋ ያዘቻቸው፤ ምክር አልጨመረችም። እንባው ሲያበቃ ጤና ጣቢያ ይዛቸው ሄደች፤ ሐኪሙም የሚቀባ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ከዚህ ወዲያ ይህን ቀለም በሕይወትዎ እንዳይነኩ ብሎ አዘዛቸው። የክንዳቸው እብጠት እየጎደለ ሄደ።

ሲመለሱ ካርቶኗን ከነቆንጆዋ አውጥተው ለማርያማዊት አስረከቡ።

«ውሰጅያት፤ ለሰርክ ትሁናት። እንግዲህ አምኛለሁ። ሽበቴም ይኑር፤ ዓይኔ ይበልጥብኛል።»

የሰርክ ክንድ ግን ንጹሕ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት መስኮት ተከፍቶ፣ ቫዝሊን ተቀብቶ፣ ጓንት ተጠልቆ፣ በስልክ ሰዓት ተሞልቶ ተቀባች። ሥራውን የመሩት ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ? ወይዘሮ ጸሐይነሽ ናቸው። ቀለሙ እንዳይነካቸው ራቅ ብለው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ «ቅንድብሽን ተዪው! ሰዓቱ ደረሰ፣ ተነሽ! ውሃው ገና አልጠራም፣ ድገሚ!» እያሉ አዘዙ። ሰርክ ግንባሯ ሳይጠቁር፣ ራሷ ሳያሳክካት፣ ትራሷ ሳይበላሽ፣ ጠጉሯ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ወጣ። «እኔስ ባለፈው በባዶ እጄ ተቀብቼ እስከ ፍልሰታ ጣቴ እንደ ድስት ጠቁሮ ነበር» ስትል ሴቶቹ ሳቁ።

ጥቅሙ እንግዲህ ይህ ነው። መዋብ የፈለገ ተዋበ፣ ያልተስማማውም በጊዜ አውቆ ዳነ። ቀለም የተከለከለ ነገር አይደለም፤ የተጻፈውን ማንበብ፣ ማንበብ ባይቻል ማስነበብ፣ በክንድ ሞክሮ መታገሥ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ቆዳ ሲያብጥም ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ ከማሸት በፊት «ምን ቀብቼ ነበር?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። ዛሬ በዚያ መንደር ጠጉሯን ልትቀባ ያሰበች ሴት ወይዘሮ ጸሐይነሽን ሳታገኝ አትቀባም። እሳቸውም ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ «እስቲ ክንድሽን አሳዪኝ» ይላሉ።

ወደ ሰርጉ እንመለስ። እሑድ ጠዋት ማርያማዊትና ሰርክ ወይዘሮ ጸሐይነሽን መሃል አስቀምጠው ነጩን ጠጉር ሹሩባ ሠሩት። ቅቤውንም እንደ ልባቸው ቀቡት፤ ቅቤ ጠላታቸው አይደለም። የሀበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው ዳሱ በር ላይ ቆሙ። የሙሽራዋ ወገን ስለ ሽበታቸው ምን እንዳለ አልሰሙም፤ ጆሯቸውም እዚያ አልነበረም። በዚያ ሜዳ ላይ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ነው የሚታየው፤ እሳቸውም ልጃቸውን ከሩቅ አዩት። ከሚዜዎቹ መሃል ለዩት፤ አረማመዱን አዩት፤ ሙሽራይቱን ድልድይ ሲያሻግር እጇን ሲይዝ አዩት።

በእውቀቱ ደረሰና ጎንበስ ብሎ የእናቱን ጉልበት ሳመ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ራሱን ሊስሙ ሲያጎነብሱ ዓይናቸው ከቀኝ ጆሮው ኋላ አንድ ነገር ላይ አረፈ። እዚያው ቀሩ። እልልታው በረደ፤ ሰው ግራ ገባው።

«ምነው እማዬ? ምን ሆንሽ?» አለ በእውቀቱ ጎንበስ እንዳለ።

«ሽበት» አሉ እየሳቁም እያለቀሱም። «አንዲት ሽበት አውጥተሃል። ልክ የአባትህ የጀመረው ከዚሁ ነው።»

ከሚዜዎቹ አንዱ ቀልጠፍ ብሎ «ልንቀላት?» ሲል እጁን መታ አደረጉት። «አይነካም!» አሉ፤ ያችኑ ጠጉር ስመው ልጃቸውን ቀና አደረጉት።